ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ኑዛዜ እና አንድ ቀጥ ያለ መስመር

 

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ ምስል አጋርተን ነበር። ጥምጣም የጠመጠሙ አዛውንት፣ ከጎናቸው ሁለት የተቋረጡ መስመሮች፣ ከሥሩ ደግሞ «ግራፍን ለዓለም ያበረከተው ሙስሊሙ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ» የሚል ጽሑፍ። ብዙ ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰው አጋራው። በሦስተኛው ቀን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እህታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልን። ምስሉን ክፍል ውስጥ ለሒሳብ መምህሯ አሳይታቸው ነበር። መምህሩ ግራፉ የዴካርት መሆኑን ነገሯት፣ ልጆቹም ሳቁባት። «ማን ነው ትክክል? እናንተ ናችሁ ወይስ ቲቸር?» ብላ ጠየቀችን።

ትክክሉ መምህሯ ናቸው። እኛ ሳናጣራ ነው ያጋራነው። ምስሉን አንስተናል፣ እሷንም ይቅርታ ጠይቀናል። ሳቁ ግን በእኛ ስህተት እሷ ላይ የወረደ ስለሆነ፣ ይቅርታ ብቻውን አይበቃም ብለን ይህን ረዘም ያለ ጽሑፍ አዘጋጀን። አል-ኸዋሪዝሚ ግራፍ አልሠሩም። የሠሩት ሥራ ግን የውሸት ጌጥ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን።

ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የኖሩት በግምት ከ780 እስከ 850 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስማቸው ከአራል ባሕር በስተደቡብ ያለውን የኸዋሪዝም ምድር ያመለክታል። የሠሩት ግን በባግዳድ፣ ኸሊፋው አል-መእሙን ባስፋፋው በይቱል ሒክማ ነበር። አል-መእሙን የገዛው ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ ነው «አል-ኪታብ አል-ሙኽተሰር ፊ ሒሳብ አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ» የተሰኘውን አጭር ኪታብ የጻፉት።

ለምን ጻፉት? መልሱ በኪታቡ መግቢያ ላይ አለ። ኸሊፋው አጭርና ለሰው የሚጠቅም የሒሳብ መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ አበረታቷቸው እንደነበር ይገልጻሉ። ሰዎች ሁልጊዜ የሚያስፈልጋቸው ሒሳብ የቱ እንደሆነም ይዘረዝራሉ። ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ክፍፍል፣ ክስና ሙግት፣ ንግድ፣ መሬት መለካት፣ ቦይ መቆፈር። ውርስና ኑዛዜ መጀመሪያ ላይ መቀመጣቸውን ልብ በሉ። ሰፊው የኪታቡ ክፍልም ስለ ወሲያ ማለትም ስለ ኑዛዜ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ጥቂት ምዕራፎች ብቻ ነው። ስለ ኑዛዜው የሚያወራ ሰው ብዙም አያጋጥምም፤ በእኛ እይታ ግን የኪታቡ ነፍስ ያለው እዚያ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 11ኛ፣ 12ኛ እና 176ኛ አንቀጾች የወራሾች ድርሻ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሲሶ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ስድስተኛ እየተባለ በክፍልፋይ ተቀምጧል። ኑዛዜ ደግሞ ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ሲሶ ድረስ ነው። ዕዳም አለ፣ እሱ ከሁሉም በፊት ይከፈላል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሟች ቤት ሲገናኙ ቃዲው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ በጣት ቆጠራ አይፈታም። አንድ ዲርሀም ተሳስቶ ወደ ሌላው ከሄደ የየቲም ሐቅ ተበልቷል። ፈራኢድ የቀራ ደረሳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ደጃፍ ወረፋ የጠበቀ ቤተሰብም ያውቀዋል።

ወደ ኪታቡ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረን መጠገን ነው። የተሰበረ አጥንት ሲገጠም ጀብር ይባላል፤ የእኛ ወጌሻ የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። ቃሉ በአንደሉስ በኩል ወደ ስፓኒሽ ገብቶ «አልጄብሪስታ» ሲሆን ትርጉሙ ወጌሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1615 በታተመው የዶን ኪሆቴ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የተጎዳ ሰው የሚያክም አልጄብሪስታ አለ። ያ ሰው ሒሳብ አይሠራም፣ የጎድን አጥንት ነው የሚያሽ። በሒሳቡ ውስጥ ደግሞ ጀብር ማለት፣ ከአንድ ወገን «ሲቀነስ» ተብሎ የጎደለውን በሁለቱም ወገን ጨምሮ መሙላት ነው። ሙቃበላ ማለት ፊት ለፊት ማጋጠም ነው፤ በሁለቱ ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር አጋጥሞ ትንሹን ከትልቁ ማጣፋት። የዛሬ ተማሪ «ወደዚያኛው ጎን ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» እያለ በቃሉ የሚሸመድደው ሕግ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሚሻገር ነገር የለም። ሁለቱም ጎን ላይ እኩል ይጨመራል፣ ከሁለቱም ጎን እኩል ይነሳል። ይህን ያወቀ ልጅ ሽምደዳው አያስፈልገውም።

አል-ኸዋሪዝሚ ምልክት አይጠቀሙም። መደመሪያ የለም፣ የእኩል ምልክት የለም፣ ቁጥሩ ራሱ በፊደል ነው የሚጻፈው። የማይታወቀውን «ሸይእ» ይሉታል፤ «ነገር» ማለት ነው። አንዳንዴ «ጂዝር» ይሉታል፣ ሥር ማለት ነው። ራሱ በራሱ ሲባዛ «ማል» ይሆናል። ተራ ቁጥር ደግሞ ዲርሀም ነው። ከዚያ ሁሉንም ጥያቄ በስድስት ዓይነት መደቡት። ሦስተኛው ዓይነት «ሥሮች ከቁጥር ጋር ሲተካከሉ» የሚለው ነው። ዛሬ ሊኒየር ኢኩዌሽን የምንለው ማለት ነው። ምሳሌዎቻቸው አራት ሥር ከ20 ጋር እኩል ከሆነ አንዱ ሥር 5 ነው፣ የሥር ግማሽ ከ10 ጋር እኩል ከሆነ ሥሩ 20 ነው የሚሉ ናቸው። ይህን ያህል ቀላል። ለዚህማ ኸሊፋ ምን አስጨነቀው ልትሉ ትችላላችሁ። ቀላልነቱ የሚያልቀው ኑዛዜው ጋ ስንደርስ ነው።

የኑዛዜው ክፍል ከሚጀምርባቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ። ከንብረቱ ሲሶውን ወራሽ ላልሆነ ሰው ተናዟል። ቤት ውስጥ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 10 ዲርሀም ነው። ሌላ 10 ዲርሀም ደግሞ ከልጆቹ በአንደኛው ላይ ያለ ዕዳ ነው። ለማን ስንት ይደርሳል?

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉና በራሳችሁ ሞክሩት።

የመጀመሪያው ሐሳብ 10 እና 10 ደምሮ 20 ለሦስት ማካፈል ነው። ለእያንዳንዱ 6 ከ2/3 ይደርሳል። ግን ተናዛዡ ለሰጠው ሰውና ለሌላው ልጅ በጥሬ የሚከፈለው 13 ከ1/3 ሊሆን ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው 10 ብቻ። ባለ ዕዳው ልጅ እጅ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ከዕዳው ሊሰበሰብ የሚችለው ከራሱ የውርስ ድርሻ ጋር የሚጣፋው ያህል ብቻ ነው። ድርሻው ስንት ነው? እሱን ለማወቅ ንብረቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለብን። ንብረቱን ለማወቅ ደግሞ ከዕዳው የሚጣፋውን፣ ማለትም ድርሻውን ማወቅ አለብን። ነገሩ ራሱን በራሱ ይዞ ይዞራል። ሁለት ሽማግሌ ቢቀመጥበት እስከ ዐስር ይጨቃጨቃል።

አል-ኸዋሪዝሚ ያልታወቀውን ሳያውቁት ስም ሰጡት። ከዕዳው የሚጣፋው «ነገር» ይባል አሉ። እንግዲህ ንብረቱ 10 እና ነገር ነው። ከዚህ ሲሶው ለተናዘዘለት ሰው ይወጣል፤ 3 ከ1/3 እና የነገር ሲሶ። የቀረው 6 ከ2/3 እና የነገር ሁለት ሦስተኛ ለሁለት ልጆች ይካፈላል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3 ከ1/3 እና የነገር ሲሶ ሆነ። የባለ ዕዳው ልጅ ድርሻ ግን ራሱ ነገር ነው ብለናል። ስለዚህ፦

ነገር = 3 ከ1/3 + የነገር ሲሶ

አሁን ሙቃበላ። ከሁለቱም ወገን የነገርን ሲሶ አንሱ። በአንዱ ወገን የነገር ሁለት ሦስተኛ ይቀራል፣ በሌላው 3 ከ1/3። ሁለት ሦስተኛው 3 ከ1/3 ከሆነ ሙሉው 5 ነው። ንብረቱ 15 ሆነ፣ ለሦስቱም አምስት አምስት። ቤት ካለው 10 ዲርሀም አምስቱን ተናዛዡ ያሰበለት ሰው ይወስዳል፣ አምስቱን ዕዳ የሌለበት ልጅ ይወስዳል። ባለ ዕዳው በጥሬ ምንም አይወስድም፤ ከዕዳው ላይ 5 ዲርሀም ተጣፋለት። ማንም አልተበደለም። ጭቅጭቁን የቆረጠው ያልታወቀን ነገር እንደሚታወቅ ቆጥሮ በስሙ የመጥራት ድፍረት ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሳቸው በፊት ማንም አልፈታም ብንል ያንኑ የምስሉን ስህተት መድገም ይሆንብናል። ባቢሎናውያን ከዚያ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ከዚህ የከበዱ ጥያቄዎችን በሸክላ ላይ ፈትተዋል። የእስክንድርያው ዲዮፋንቶስ ነበር። ብራህማጉፕታ በህንድ በ628 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በግብጽ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በጻፈው ፓፒረስ ላይ፣ አንድ መጠንና የሱ ሰባተኛ ተደምረው 19 ይሆናሉ፣ መጠኑ ስንት ነው የሚል ጥያቄ አለ። አሕሞስ 7 ነው ብሎ ገመተ። 7 እና ሰባተኛው 8 ሆነ። 19 ለ8 ተካፍሎ በ7 ሲባዛ 16 ከ5/8 መጣለት፣ ልክም ነው። የአል-ኸዋሪዝሚ ሥራ የተለየው የተበታተነውን ዘዴ ራሱን የቻለ ዒልም ማድረጋቸው ነው። ስድስት ዓይነት ብቻ አለ፣ ማንኛውም ጥያቄ በጀብርና በሙቃበላ ወደ አንዱ ይመለሳል፣ ለእያንዳንዱም መፍትሔው ይኸው ብለው ለማንም ነጋዴና ቃዲ በሚገባ ቋንቋ አስቀመጡት። ትንሽ ነገር አይደለም።

የአሕሞስን ግምት ያነሣነው በምክንያት ነው። ወደ ግራፉ የሚወስደው መንገድ በእሱ በኩል ያልፋል።

አሕሞስ በአንድ የተሳሳተ ግምት ተነሣ። በሙስሊሙ ዓለም የተስፋፋው ደግሞ «ሒሳብ አል-ኸጣአይን» የሚባለው ነው፣ የሁለቱ ስህተቶች ሒሳብ። አልጀብራ የማያውቅ ነጋዴም ይሠራበታል። ያንኑ የወንድማማቾቹን ጥያቄ ወስደን እንሞክረው። ነገሩ 2 ነው ብለን እንገምት። ንብረቱ 12 ይሆናል፣ ድርሻው 4። 2 ነው ካልነው 4 መጣ፤ በ2 በለጠ። አሁን ደግሞ 11 ነው እንበል። ንብረቱ 21፣ ድርሻው 7። ከ11 በ4 አነሰ። ሁለቱም ስህተት ነው። ቢሆንም አንጣላቸው። የመጀመሪያውን ግምት በሁለተኛው ስህተት አባዙት፤ 2 በ4፣ 8 ነው። ሁለተኛውን ግምት በመጀመሪያው ስህተት አባዙት፤ 11 በ2፣ 22 ነው። አንዱ በላጭ አንዱ አናሽ ስለሆነ እንደምራቸው፤ 30። ስህተቶቹንም ደምሩ፤ 6። 30 ለ6 ሲካፈል፦ 5።

ሱብሓነላህ፣ ከሁለት ስህተት እውነቱ ወጣ። (ሁለቱም ግምቶች በአንድ ወገን ከሳቱ ከመደመር ይልቅ መቀነስ ነው።)

ይህ ለምን እንደሚሠራ በጂኦሜትሪ ማረጋገጫ ከጻፉት አንዱ የበዕለበኩ ቁስጣ ኢብኑ ሉቃ ነው። የሞተው በ912 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን ክርስቲያን ነበር። ይህን የምናነሣው ሆን ብለን ነው። የዚያ ዘመን ባግዳድ ዒልም የሙስሊሙም፣ የክርስቲያኑም፣ የአይሁዱም፣ የሳቢኡም እጅ ነበረበት። ቋንቋው ዐረብኛ፣ ቤቱ የሙስሊሞች ነበር፤ እንግዳ ሆኖ የገባውንም አላሳነሱትም።

በመግሪብ ደግሞ የመራኩሹ ኢብኑል በናእ (1256–1321) ይኸንኑ ዘዴ በሚዛን ስዕል አስተማሩ። ሚዛን ይሣላል። ከላይ የሚፈለገው ቁጥር ይጻፋል። በአንዱ ሳህን የመጀመሪያው ግምት፣ በሌላው ሳህን ሁለተኛው ይቀመጣል። ስህተቱ በላጭ ከሆነ ከሳህኑ በላይ፣ አናሽ ከሆነ ከሳህኑ በታች ይጻፋል። ከዚያ በመስቀለኛ ማባዛት ነው። ይህን ስዕል ልብ በሉት። ሁለት ግምት ግራና ቀኝ ተቀምጧል፣ ስህተቱ ላይና ታች ወጥቷል። ግራፍ ነው ልንል አይደለም፣ አይደለምም። ግን አንድ እርምጃ ነው የቀረው።

በዚህ መሀል የግብጹን አቡ ካሚልን ማለፍ አንችልም። ከ850 እስከ 930 ገደማ የኖሩ፣ ከአል-ኸዋሪዝሚ ቀጥለው የተነሡ ሊቅ ናቸው፤ እሳቸውም ስለ ወሲያ በአልጀብራ ጽፈዋል። ስለ ወፎች ግዢ የጻፉት ትንሽ ኪታብ ግን ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በ100 ዲርሀም 100 ወፍ ይገዛ። ዳክዬ አንዷ 5 ዲርሀም፣ ዶሮ አንዷ 1 ዲርሀም፣ ድንቢጥ 20ዋ በ1 ዲርሀም። መልሱ 19 ዳክዬ፣ 80 ድንቢጥና 1 ዶሮ ነው። ዋጋውን ደምሩት፤ 95፣ 4፣ 1። ይህኛው አንድ መልስ ብቻ አለው። የወፎቹን ዓይነት ወደ አምስት ሲያሳድጉት ግን 2676 መልስ እንዳገኙ አቡ ካሚል ይናገራሉ። ያልታወቁት ነገሮች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ትክክለኛው መልስ ብዙ ሊሆን እንደሚችል እዚህ ላይ ይታያል። ቀጥ ያለ መስመር ማለትም ይኸው ነው፤ ሁሉም መልስ ተሰልፎ የቆመበት።

ዒልሙ ወደ አውሮፓ የተሻገረበትን መንገድ በአጭሩ እንለፈው። ሮበርት ዘ ቼስተር በ1145 በሴጎቪያ የአል-ኸዋሪዝሚን ኪታብ ወደ ላቲን መለሰ፤ በቶሌዶም የክሬሞናው ጄራርድ ተረጎመው። የፒሳው ፊቦናቺ በልጅነቱ በዛሬዋ አልጄሪያ በቢጃያ ተምሮ በ1202 በጻፈው መጽሐፉ ላይ የሁለቱን ስህተቶች ሒሳብ በዐረብኛ ስሙ ጠርቶታል። ሸይእ በላቲን «ሬስ»፣ በጣሊያንኛ «ኮዛ» ሆነ፤ ሁለቱም «ነገር» ናቸው። ጀርመኖች አልጀብራን ራሱን «ኮስ» እስከማለት ደርሰው ነበር። የእሳቸው ስም ደግሞ በላቲን አፍ ተለውጦ «አልጎሪዝም» የሚለውን ቃል ወለደ፤ ይህን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ያመጣላችሁም አልጎሪዝም ነው።

እዚህ ላይ ሌላ የሚዞር ወሬ አለ። «ኤክስ» የሚለው ፊደል የመጣው ከ«ሸይእ» ነው የሚል ነው። ደስ ይላል፣ እኛም አንድ ጊዜ ልናጋራው ነበር። በማስረጃ የሚታወቀው ግን ላልታወቁ ነገሮች የፊደል ገበታውን የመጨረሻ ፊደሎች ያስለመደው ዴካርት መሆኑ ነው። ምልክት ፈላጊ ከሆናችሁ እውነተኛው አለላችሁ። በ1486 ያረፉት አንደሉሳዊው አል-ቀለሷዲ በኪታባቸው ለሸይእ የሺንን፣ ለማል የሚምን ፊደል፣ ለእኩልነት ደግሞ ላምን ይጠቀሙ ነበር። በመግሪብ ከእሳቸው በፊትም ምልክት መጠቀም ተጀምሯል። ዛሬ የምንጠቀምበትን ሁለት ሰረዝ የእኩል ምልክት ያመጣው ግን ሮበርት ሪኮርድ ነው፣ በ1557።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1637 ሬኔ ዴካርት ጂኦሜትሪን ያሳተመበት ሥራ ወጣ። በዚያው ሰሞን ፒየር ደ ፌርማ የተባለ የሕግ ሰው ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈው በእጅ ጽሑፍ ይዘዋወር ነበር፤ በመጽሐፍ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ በ1679 ነው። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ያሉበት እኩልታ አንድን መስመር ይወልዳል የሚለው ሐሳብ የሁለቱ ነው። የመጀመሪያ ደረጃው እኩልታ ቀጥ ያለ መስመር እንደሚሰጥ ደግሞ ፌርማ በግልጽ አስቀምጦታል። በነገራችን ላይ ዴካርትም ቢሆን ዛሬ ደብተር ላይ የምንሥለውን የመስቀል ቅርጽ አልሣለም። እሱ የተስተካከለው ከእሱ በኋላ በመጡ ሰዎች ነው። ከዚያ በፊት ዑመር ኸያም (1048–1131) የሦስተኛ ደረጃ እኩልታዎችን በሚቋረጡ ኩርባዎች ፈትተው ነበር፤ አልጀብራንና ጂኦሜትሪን በማጋባት የእሳቸውን ያህል የሄደ በዘመናቸው አልነበረም። የነሱ መንገድ ግን ከኩርባ ወደ መልስ ነበር። ከእኩልታ ተነሥቶ መስመሩን መውለድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

እንግዲህ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ወንድማማቾችን ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት እንውሰዳቸው። እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር አምጡ።

አንድ አግድም መስመር ሥሩ፣ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ጻፉበት። ይህ «ነገር» ነው፣ ከዕዳው የሚጣፋው። ከ0 ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሌላ መስመር ሥሩና እሱንም ከ0 እስከ 10 ቁጠሩ። ይህ ድርሻው ነው። አሁን ድርሻ = 3 ከ1/3 + የነገር ሲሶ የሚለውን እናስቀምጥ። ነገር 2 ሲሆን ድርሻ 4 ነው፤ ወደ ቀኝ 2፣ ወደ ላይ 4 ሄዳችሁ ነጥብ አድርጉ። ነገር 8 ሲሆን ድርሻ 6 ነው፤ ሌላ ነጥብ። ሁለቱን በማስመሪያ አገናኙ። ሁለት ነጥብ ይበቃል፣ በሁለት ነጥብ መሀል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚያልፈው። የሁለቱ ስህተቶች ሒሳብ በሁለት ግምት የሚበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መስመሩ ቋሚውን የሚነካው 3 ከ1/3 ላይ ነው። ከዕዳው ምንም ባይሰበሰብ እያንዳንዱ ከ10 ዲርሀሙ የሚደርሰው ማለት ነው። ወደ ቀኝ 3 ስትሄዱ ወደ ላይ 1 ይወጣል። መምህራን ስሎፕ የሚሉት ይኸው ሲሶ ነው። ቁጥር ብቻ አድርጎ ያየው ልጅ ይሰለቸዋል፤ ትርጉሙ ግን ከዕዳው አንድ ዲርሀም ተጨማሪ በተጣፋ ቁጥር የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በሲሶ ዲርሀም ያድጋል ነው። አሁን ሁለተኛ መስመር ከ0 ተነሥታችሁ 1 በ1፣ 2 በ2፣ 3 በ3 እያላችሁ ሥሩ። ይህ «ድርሻው ራሱ ነገሩ ነው» የሚለው ቃል ነው። ሁለቱ መስመሮች 5 በ5 ላይ ይገናኛሉ። ሽማግሌዎቹ የተጨቃጨቁበት መልስ የመስቀለኛ መንገዱ ላይ ቆሟል።

መስመር የሚሣልበት ሌላም ጉዳይ በየቤታችን አለ። ዘካ። የብር ኒሷብ 200 ዲርሀም ነው፣ በእሱ ላይ 5 ዲርሀም ይወጣል፣ ከአርባ አንድ። ገንዘቡን በአግድሙ፣ ዘካውን በቋሚው አድርጋችሁ ሥሩት። እስከ 200 ድረስ መስመሩ መሬት ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ምንም የለበትም። 200 ላይ ድንገት ወደ 5 ይዘላል። ከዚያ በኋላስ? እዚህ ላይ ፉቀሃዎች ተለያይተዋል። ኢማም ሻፊዒይ እንዲሁም የአቡ ሐኒፋ ሁለቱ ታላላቅ ደረሶች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ ትርፉ ትንሽም ይሁን ብዙ በልኩ ይወጣለታል ይላሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ከ200 በላይ ያለው 40 እስኪሞላ ምንም የለበትም፣ 40 ሲሞላ 1 ዲርሀም ይጨመራል ይላሉ፤ ረሒመሁሙላህ ጀሚዐን። ለባለ 239 ዲርሀም በሻፊዒይ 5 ዲርሀምና ከአርባ 39 እጅ ይወጣል፣ በአቡ ሐኒፋ 5 ብቻ። 240 ሲሞላ ሁለቱም 6 ይላሉ። አንዱ መዝሀብ ወረቀቱ ላይ ያዘነበለ ቀጥታ መስመር ነው፣ ሌላው ደረጃ ነው፤ ደረጃውም በየ40ው መስመሩን እየነካ ይወጣል። በሀገራችን ሁለቱም መዝሀብ ስለሚቀራ ደረሶች ይህን ስዕል ቢሞክሩት ልዩነቱ ከብዙ ንግግር በተሻለ ይታያቸዋል። የበግ ዘካ ደግሞ በሁሉም ዘንድ ደረጃ ነው። ከ40 እስከ 120 አንድ በግ ነው፤ 121 ላይ ሁለት ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ረቂቁን ለእህታችን ልከንላት ነበር። የወንድማማቾቹን ግራፍ በደብተሯ ሥላ ፎቶውን ላከችልን፤ ሁለተኛው መስመር ትንሽ ተንጋድዷል እንጂ 5 ላይ ይገናኛል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፋበታለች። ዕዳው 10 ሳይሆን 4 ቢሆንስ?

መልሱ ይኸው። ዕዳው 4 ብቻ ከሆነ ከዕዳው የሚጣፋው ከ4 ሊበልጥ አይችልም። አግድሙ መስመር 4 ላይ ያልቃል፣ ሁለቱ መስመሮችም ሳይገናኙ ይቆማሉ። እዚያ ላይ ድርሻውን አንብቢው፤ ንብረቱ 14፣ ድርሻው 4 ከ2/3። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይጣፋል፣ ባለ ዕዳውም ልጅ በጥሬ ሁለት ሦስተኛ ዲርሀም ይወስዳል። በግራፍሽ ላይ 4 አጠገብ በሁለቱ መስመሮች መካከል የምታዪው ክፍተት ያቺ ሁለት ሦስተኛ ዲርሀም ናት።